እናቴ እንደ እንሰት የነቀለቻት አበባ

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። ይኸው ገና ሳልጀምር ልናገረውና ይውጣልኝ። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ስለዚህ እዚህ ገጽ ላይ የለመዳችሁትን የተወለወለ ጽሑፍ የምትጠብቁ ከሆነ... ገጹን ገለጥ አድርጋችሁ እለፉ፤ አልቀየማችሁም። ብቀየምም አልናገርም። ጠባዬ ነው።

ግን ከጀመርኩ አይቀር አንድ ነገር ልድፈር። ዓይን አፋር ሰውና አበባ በአንድ ግቢ መኖር የለባቸውም! በሕግ መከልከል ነበረበት። ለምን ብትሉ፣ ሁለቱም አፍ የላቸውም። ድንች እንኳ በልቶ የጠገበ ሁሉ ይመሰክርለታል። ጎመን አገር ሙሉ ዘመድ አለው። አበባ ግን ጠበቃ ካላገኘች አለቀላት። የኔዋ አበባ ደግሞ ዕድሏ ጠማማ ሆነና የደረሳት ጠበቃ እኔ ነኝ።

ምን ያህል ዓይን አፋር እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አልችልም። ቃሉ ከሆዴ ይነሳል፣ ጉሮሮዬን ያልፋል፣ ከንፈሬ ጋ ሲደርስ አፍሮ ይመለሳል። ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ አብሬው ዱብ እላለሁ። የሚወርድ ከጠፋ የታክሲው መጨረሻ የኔም መጨረሻ ነው። ቤቱ ነፋስ ስልክ የሆነ ሰው ያለ ጉዳዩ ስንቴ ቃሊቲ ደርሶ በእግሩ ይመለሳል? እኔን ጠይቁኝ... አይ ተዉት፣ አልመልስላችሁም።

የኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይማ የኔ ቦታ የሕዝብ መንገድ ነው፤ ያሻው ይገባበታል። «እህቴ፣ እኔ እኮ እዚህ ነበርኩ፤ አይደል?» ይለኛል አይቼው የማላውቅ ሰው። «አዎ፣ ነበሩ» እላለሁ። ስኳሩ ያልቃል። እናቴ ባዶ ዘንቢሌን አይታ፣ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል!» ብላ ትተርትብኛለች። ደጃዝማችነቱስ ለተናጋሪዎቹም ቀርቷል፤ የሚቆጨው ስኳሩ ነው እላለሁ። በልቤ ነው እንግዲህ።

ወደ አበባዋ ልመለስ። መካኒሳ አካባቢ ከቡልጋሪያ የመጡ የእርሻ ባለሙያ ቤት ልብስ አጥብ ነበር። የሰውየው ሚስት፣ ማዳም፣ አበባ ወዳድ ናት። የሥራ ዘመናቸው አልቆ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ዕቃ ሲያስሩ፣ ጠራችኝና በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አስቀመጠች። ስፈታው እንደ ስኳር ድንች የወፈረ፣ እንደ ዝንጅብል የተጣመመ ሥር ነው። ጫፉ ላይ ቀያይ ዓይኖች አሉት፤ አፍጥጠው ያዩኛል።

«ይሄ ፒዮኒ» አለች ማዳም። «በኛ አገር ቦዡር። አበባ። ትልቅ!» ሁለት እጆቿን ዘርግታ የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል ነገር በአየር ላይ ሠራች። ከዚያ ጣቷን ቀስራ መመሪያ ጀመረች። «አፈር ሁለት ጣት ብቻ። ብዙ አፈር የለም። ብርድ ጥሩ። ቦታ መቀየር የለም! የለም! ቦታ ከቀየረ ታኮርፋለች። ቶሎ የለም። ዓመት... ዓመት... ዓመት...»

አማርኛዋ እንዲያ ይሁን እንጂ አንዲት ነገር አላመለጠችኝም። ሁሉም ገብቶኛል። «እሺ ማዳም» አልኩ። እሺ ማለትን ማን እንደኔ!

እኔና እናቴ ብቻችንን ነው የምንኖረው። እናቴ በለጡ ትባላለች፤ ከጉራጌ አገር መጥታ ሳሪስ ገበያ ቆጮ የምትሸጥ ብርቱ ሴት ናት። ሥሩን ከእጄ ተቀብላ መዘነችው። አሸተተችው። በጥፍሯ ጫር አድርጋ ቀመሰችው።

«ስንት ሰው ያበላል?»

«አይበላም እማዬ፤ አበባ ነው።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ሥር ምን አባቱ ይሠራበታል?»

መልስ ቢኖረኝም ያው ታውቁኛላችሁ። ሄጄ በሩ አጠገብ፣ እንደታዘዝኩት ሁለት ጣት አፈር አልብሼ ተከልኳት። በመጋቢት የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል እንደ ጨቅላ ጣት የቀላ ነገር ከአፈር ወጣ። ቅጠል አወጣች፣ ክረምቱን ለመለመች፣ ደስ አለኝ። መስቀል አልፎ ብርዱ ሲገባ ግን ቅጠሏ ቡናማ ሆነ፤ ደርቃ መሬት ላይ ተጋደመች። ፒዮኒ ጠባይዋ ነው፤ በብርድ ከላይ ትደርቅና ከታች ሥሯ ይተኛል። እናቴ ግን ምኑን ታውቃለች?

«ሞተች» አለች። ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ምንም አልቀራት።

በማግስቱ ሌላ ሰው ቤት ልብስ አጥቤ ስመለስ በሩ አጠገብ ጉድጓድ ብቻ አገኘሁ።

«ቦታው አልተስማማትም» አለችኝ እናቴ እጇን እያራገፈች። «ቧንቧው አጠገብ ወስጄ ተከልኳት። ጥልቅ አድርጌ ነው የቆፈርኩላት፤ ፍግም ጨምሬበታለሁ።»

ይህ ክፋት አይደለም እናንተዬ፤ ሙያ ነው! በእናቴ አገር እንሰት አንድ ቦታ ተተክሎ አይቀርም። ከችግኝነቱ ጀምሮ እየተነቀለ ሰፋ ወዳለ ቦታ ይዛወራል፤ በተዛወረ ቁጥር ይወፍራል። ለእናቴ ተክልን ሳይነቅሉ መተው ማለት ልጅን በተወለደበት መጠቅለያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ማድረስ ማለት ነው።

«ያልተነቀለ ነገር ምኑ ይወፍራል?» ትላለች። ዕድሜዬ ሃያን ካለፈ ወዲህ ይህን ስትል ዓይኗ ተክሉ ላይ አያርፍም፤ እኔ ላይ ነው። እሱን ሌላ ጊዜ አፌን ሲከፍተው...

ያን ጊዜ «ማዳም አትነቀል ብላለች» ማለት ነበረብኝ። ምን አልኩ መሰላችሁ? «እሺ።»

ማዳም እንዳለችው አበባዋ አኮረፈች። በሚቀጥለው ዓመት ቀጭን ሆና ብቅ አለች፣ አንዳች እምቡጥ ሳታሳይ ደረቀች። «ውሃ በዛባት» ተባለና ማድ ቤቱ ጀርባ ሄደች። በዓመቱ ደግሞ «ጭስ በዛባት» ተባለና ከጋሽ ቱፋ ጋር በሚያዋስነን አጥር ሥር ገባች። እኔ ከቃሊቲ አልፌ ሳልሄድ አበባዋ አገር ዞራ ጨረሰች።

ጋሽ ቱፋ ቤቶቹ ሁሉ ከመሠራታቸው በፊት እዚያው ያርሱ የነበሩ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። አሁንም ላሞች አሏቸው፤ የእናቴ ፍግ የሚመጣው ከሳቸው በረት ነው። በአጥሩ ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ያዩና፣

«እትዬ በለጡ፣ ይቺ ተክል የቀበሌ ቤት እየጠበቀች ነው እንዴ? በየዓመቱ ቤት ትቀይራለች!» ይላሉ።

«እርስዎ ፍጉን ያምጡ እንጂ» ትላቸዋለች እናቴ።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ዝም ብዬ ሠራሁ እንጂ። እናቴ ገበያ ስትወጣ ጎንበስ ብዬ የከመረችባትን አፈር እገፍፍላትና ሁለት ጣት ብቻ አስቀራለሁ። ፍጉን ወደ ጎመኑ እወስደዋለሁ። እናቴ ስትመለስ፣ «ይቺ ዶሮ አፈሩን ጫረችው» ትልና መልሳ ትከምራለች። እሷ ታለብሳለች፣ እኔ እገልጣለሁ። ዶሮዋ በኔ ጦስ ስንት ድንጋይ እንደተወረወረባት!

አበባዋን ያዳናት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሀ ሁ ናት! እናቴ መሠረተ ትምህርት ገባች። ደብተርና እርሳስ ከያዘች ወዲያ ለሌላ ነገር ሐሳብ አልነበራትም፤ ቆጮ እየቆረሰች «ለ ሉ ሊ» ትላለች፤ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። አበባዋን መንቀል ረሳቻት። አንደኛውን ዙር ፈተና ወድቃ ስትደግም ደግሞ... ይሄን እንደነገርኳችሁ እንዳትነግሩብኝ... ሌላ ዓመት ረሳቻት። እግዜር ይስጠው፣ ፈተናውን ያወጣውን ሰው!

እናም በዚያ ሚያዝያ እምቡጥ አየሁ። መጀመሪያ ብይ አከለች። ከዚያ ሎሚ። ክብ፣ ጠንካራ፣ ጥብቅ ብላ የተዘጋች፤ ልክ እንደኔ አፍ። ጫፏ ላይ ቀይ ነገር በቀጭኑ ይታያል። ጉንዳኖች እላይዋ ላይ ይርመሰመሳሉ፤ ጣፋጭ ነገር ይወጣታል መሰለኝ ይልሷታል እንጂ አይበሏትም። ሥራ ስሄድ አያታለሁ፣ ስመለስ አያታለሁ። በሕይወቴ የኔ ብቻ የሆነ ነገር ያቺ እምቡጥ ነበረች።

ጓድ ታደለ የመጡት ይሄኔ ነው።

ጓድ ታደለ የቀበሌያችን የልማት ኮሚቴ ተጠሪ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፍቅራቸው አትክልት ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ስለ ቆስጣ ያወራሉ። የዚያን ጊዜ የጓሮ አትክልት ዘመቻ ነበርና በየግቢው እየገቡ ባዶ መሬት ይፈልጋሉ። አጥራችን ሥር ሲደርሱ ቆሙ።

«እትዬ በለጡ! ይሄ መሬት እኮ ጦሙን እያደረ ነው! ምንድን ነው የተተከለበት?»

እናቴ ጎመን ትጠላለች ማለት አይደለም። ጎመን ትከይ ብሎ የሚያዛት ሰው ነው የምትጠላው። እና... እኔ እንደሚመስለኝ... የኔንም ነገር ልታድንልኝ ፈልጋ ነው።

«የውጭ ድንች ነው» አለች። ነጋዴ ናት፤ ዓይኗን አላርገበገበችም።

«የየት አገር?»

«የቡልጋሪያ።»

ጓድ ታደለ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ከወዳጅ አገር!»

«እንግዲህ ምን ልበልዎ፣ አንዱ ሥር ቤተሰብ ያጠግባል» ብላ አከለችበት። አንዴ ከጀመረች እናቴ ምርቃት አትነፍግም።

እኔ ልብስ ማጠቢያ ሳፋዬን ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። «ድንች አይደለም» የሚለው ቃል ከሆዴ ተነሳ፣ ጉሮሮዬን አለፈ... የቀረውን ታውቁታላችሁ። ቃሊቲ ደረሰ።

በሳምንቱ እሑድ ጓድ ታደለ ሁለት የኮሚቴ አባላት፣ አንድ የእጅ ጋሪና እርጥብ ጆንያ ይዘው ከች አሉ። የቡልጋሪያው ድንች ተነቅሎ ወደ ቀበሌው የጋራ እርሻ እንዲዛወር፣ እዚያም ተባዝቶ ለነዋሪው እንዲዳረስ ኮሚቴው ወስኗል! እናቴ መጀመሪያ ፊቷ ቀላ። ይኸው ጉዷ ሊፈላ ነው ስል...

«ይነቀል እንጂ!» አለች። «ቢነቀል ነው የሚወፍረው! እኔም ሰሞኑን በትምህርት ተይዤ ነው እንጂ...» ሮጣ ሄዳ ዶማውን ራሷ አመጣች። በኔ በኩል ስታልፍ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሥሩ እንደሆነ ድንች ይመስላል፤ ማን ያውቃል!» አለችኝ።

ጓድ ታደለ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ዶማው ወደ ላይ ወጣ። እምቡጧ ከሥር ሆና፣ ጉንዳኖቿን ተሸክማ፣ ምንም አትልም። እኔም ምንም አልልም። ሁለት አፍ የለሾች ተያየን።

«አትነቀልም!»

የማን ድምፅ ነው ብዬ ዞርኩ። እናንተዬ፣ የኔ ነው! ሳፋው ከእጄ ወድቆ ግቢውን ሁሉ አንቋቋው። ከአጥሩ ወዲያ የጋሽ ቱፋ ላም ማመንዠኳን አቋረጠች። እኔ ደግሞ እንዴት እንደደረስኩ ሳላውቅ በዶማውና በአበባዋ መካከል ቆሜያለሁ።

ጓድ ታደለ ዶማውን ቀስ አድርገው አወረዱ። እናቴን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ይቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ? ዲዳ ትመስለኝ ነበር እኮ! ይሄን ሁሉ ጊዜ በምልክት ነው የማነጋግራት!»

እውነታቸውን ነው። መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር እጃቸውን ሲያወናጭፉ ስፖርት የሚሠሩ ይመስለኝ ነበር።

«ድንች አይደለችም!» አልኩ። አንዴ ተከፍቷል፣ የሚዘጋው ጠፋ። «አበባ ናት! አትበላም! ማዳም ፒዮኒ ቦታ ከቀየረች ታኮርፋለች፣ አትነቀል ብላለች! ሁለት ጣት አፈር ብቻ ብላለች! ውሃም አልበዛባትም፣ ጭስም አልበዛባትም፤ መነቀል ነው የበዛባት! አፈሩንም የሚጭረው ዶሮ አይደለም፣ እኔ ነኝ!» ዓይኔ ከኮሚቴ አባላቱ አንዱ ላይ ዐረፈ። «አንተ ደግሞ! ባለፈው ኅብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ እፊቴ የገባኸው አንተ ነህ! እዚያ አልነበርክም!»

ሰውየው ከጋሪው ጀርባ ሸሸ።

መጀመሪያ የተናገረችው እናቴ ናት። «መነቀሉ ነው?... ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርሽ እያሰብኩ ነበር።»

ጓድ ታደለ እናቴ ላይ ዞሩ። «እትዬ በለጡ፣ ድንች ነው አላሉኝም?»

«የውጭ አገር ነገር እኔ ምን አውቃለሁ? ሥሩን ሳየው ድንች ድንች አለኝ።»

«እኔ እኮ ከቀበሌ አልፌ ከፍተኛው ድረስ ሪፖርት አድርጌያለሁ! ስብሰባ ላይ ተጨብጭቦልኛል!» ላብ በላብ ሆኑ። አሳዘኑኝ። «ደግሞስ አበባ ከሆነች አበባዋ የታለች?»

እምቡጧን አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ይሄማ ጥቅል ጎመን ነው የሚመስለው» አሉ፤ ደስ ደስ እያላቸው። በመጨረሻ ፍርድ ሰጡ። እስከሚቀጥለው እሑድ ካበበች አበባ ናት፣ አልነካትም። ካላበበች ድንች ናት፣ ትነቀላለች።

ያን ሳምንት አልረሳውም። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ እየመጣ ያያታል። ጋሽ ቱፋ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ይሉና፣ «ኢንተላ!» ይሉኛል፤ ሴት ልጆችን ሁሉ የሚጠሩት በኦሮምኛ እንዲያ ነው። «ወለደች?»

«ገና ነች ጋሽ ቱፋ።»

«ምጡ በዛባት!»

ዝናቡ እንዳይደፋት በዱላ ደግፌ በነጠላ ቅዳጅ አሰርኳት። የእናቴን አሮጌ ጃንጥላ ዘረጋሁላት። እናቴ ግድ የሌላት ትመስላለች፤ ግን ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስገባ እምቡጧ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ «ነይ ውጪ እንጂ የኔ ልጅ፤ ሰው አቁመው ያስጠብቃሉ እንዴ?» ስትላት ደረስኩባት። ስታየኝ፣ ያፈረ ሰው እንደሚያደርገው ተነስታ ዶሮዋን አባረረች።

ዓርብ አልተከፈተችም። ቅዳሜ ጫፏ ብቻ ላላ አለ። እሑድ ጠዋት ጃንጥላውን ሳነሳ...

እንዴት ልንገራችሁ? ያቺ ሎሚ የምታክል ነገር ሰሃን የሚያህል አበባ ሆናለች። ቀይ፣ ደም የመሰለ ቀይ፤ ቅጠል በቅጠል ላይ፣ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ተደራርቦ፣ መጨረሻው አይታይም። ዱላው ጎበጠላት። እናቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች። በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገቻት።

«ይሄን ሁሉ ከየት አመጣችው?» አለች ቀስ ብላ።

ዛሬም ያቺ አበባ እዚያው አጥሩ ሥር ናት፤ በብርድ ትደርቃለች፣ በበልግ ትነሳለች፤ ማንም አልነቀላትም። ግን በቀላሉ እንዳይመስላችሁ። ያን ዕለት ጓድ ታደለ ከሁለቱ የኮሚቴ አባላት ጋር ጋሪያቸውን እየገፉ ሲመጡ ድርቅ ብለው ቀሩ። ኮፍያቸውን አወለቁ። «ቀይ ናት» አሉ። ዞረው አዩዋት። «ቀይ ናት!» ከዚያ ዓይናቸው ሲበራ አየሁት።

«እንግዲያውስ ቦታዋ እዚህ አይደለም! ለሜይ ዴይ በዓል ቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ነው የምትተከለው! ሪፖርቱንም እኔ አስተካክለዋለሁ። አምጣ ዶማውን!»

ድንች ብትሆን ትነቀላለች፤ አበባ ብትሆንም ትነቀላለች! እኔ አፌ መልሶ ተያዘ። እናቴ ግን ዶማውን ከኮሚቴው ሰውዬ እጅ መንጭቃ ወሰደችው።

«እንሰት መሰላችሁ እንዴ በየቦታው የሚነቀለው?» ብላ ጮኸችባቸው። «ፒዮኒ ቦታ ከቀየረች ታኮርፋለች! ሁለት ጣት አፈር ነው የምትፈልገው! ይሄን የማያውቅ ሰው ነው የልማት ኮሚቴ የሚሆነው?»

ሰማችሁ? እናቴ ናት እንዲህ ያለችው! ግቢውን ሙሉ ያዞረቻት!

«እትዬ በለጡ፣ የጋራ ጉዳይ እኮ ነው...» አሉ ጓድ ታደለ።

ይሄኔ እናቴ ዶማውን ታቅፋ ወደኔ ዞረችና አፈጠጠችብኝ፦

«አንቺ ደግሞ ምን ትገተሪያለሽ? ንገሪያቸው እንጂ! አንዴ ከጀመርሽ ወዲያ ማን ዝም በይ አለሽ?»